ጥምር የቲቢ ኪኒንን በጥንቃቄ ስለ መውሰድ፦ በአዳማ ለሚታከሙና ለሚያስታምሙ

በአዳማ በየጤና ጣቢያው ባለው የቲቢ ክፍል አንድ ታካሚ ሕክምና ሲጀምር አስቀድሞ የሚደረገው ሚዛን ላይ ማውጣት ነው። ይህ ለወግ አይደለም፤ በየቀኑ የሚውጠው የኪኒን ብዛት የሚወሰነው በዕድሜው ወይም በሕመሙ ጽናት ሳይሆን በኪሎው ነውና። ከዚያ በኋላ ባለሙያው ኪኒኑን ከእሽጉ ላይ ቆርጦ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ይሰጠዋል፣ ታካሚውም እዚያው ፊት ለፊቱ ይውጣል፣ ካርዱም ላይ የዕለቱ ምልክት ይደረጋል። ሦስት ወይም አራት ፍሬ ብቻ ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ሰው እንደ ማንኛውም የራስ ምታት ኪኒን ቀለል አድርጎ ይመለከተዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፍሬ አራት መድኃኒት የያዘ ነው።

አራቱ መድኃኒቶች ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል ናቸው። ለአዋቂ በሚሰጠው ጥምር ኪኒን ውስጥ መጠናቸው በቅደም ተከተል 150፣ 75፣ 400 እና 275 ሚሊ ግራም ነው፤ እነዚህ አራት ቁጥሮች በእሽጉ ላይ ታትመው ይገኛሉ። አይሶናያዚድ በፍጥነት የሚራባውን ባክቴሪያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በብዛት ይገድላል። ሪፋምፒሲን ሥራውን አቀዝቅዞ አድብቶ የሚቆየውን ይደርስበታል፤ ፓይራዚናማይድ ደግሞ ሌሎቹ እንደ ልብ በማይሠሩበት አሲዳማ የሰውነት ክፍል ውስጥ ያለውን ያጠፋል። የኢታምቡቶል ዋና ተግባር ባክቴሪያው ሌሎቹን መድኃኒቶች እንዳይላመድ መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ስትሬፕቶማይሲን ለብቻው ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ብዙ ሕሙማን ከተሻላቸው በኋላ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ ሕመሙ አገርሽቶባቸዋል፤ የቲቢ ሕክምና ከአንድ መድኃኒት በላይ እንዲሆን ያስገደደውም ይኸው ነው።

መድኃኒቶቹ በአንድ ፍሬ ውስጥ መጠቃለላቸው ታካሚው «ይህኛው አይስማማኝም፣ ያኛው ይሻለኛል» ብሎ መርጦ እንዳይውጥ ያደርጋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የዚያኑ ያህል ግን አንድ ቀን ሲዘለል የሚዘለለው አንድ መድኃኒት ሳይሆን ሁሉም ነው፤ የኪኒኑ ቁጥር ሲሳሳትም የአራቱም መጠን አብሮ ይሳሳታል። ስለዚህ ታካሚው ከምርጫ ቢገላገልም ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ አቀማመጡንና አብረው የሚወሰዱ ሌሎች መድኃኒቶችን የመጠበቅ ኃላፊነት በእሱ ላይ ይቀራል።

ቁጥሩና ጊዜው

መድኃኒት ባልተላመደ የሳንባ ቲቢ ሕክምናው በተለመደው አሠራር 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራቱን መድኃኒት የያዘው ኪኒን፣ በቀሪዎቹ 4 ወራት ደግሞ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድን ብቻ የያዘው ኪኒን በየቀኑ ይወሰዳል። የአንጎል ሽፋን ወይም የአጥንት ቲቢ ሲሆን ጊዜው ስለሚረዝም ጎረቤት በስድስት ወር ጨረሰ ብሎ የራስን ሕክምና ማቋረጥ አይገባም። ክብደቱ ከ40 እስከ 54 ኪሎ የሆነ አዋቂ በቀን 3 ፍሬ፣ ከ55 እስከ 70 ኪሎ የሆነ ደግሞ 4 ፍሬ ይወስዳል። ከዚያ በታች ወይም በላይ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን ባለሙያው ይወስናል። በሕክምናው ወቅት ሰውነት ማገገምና ኪሎ መጨመር የተለመደ ነው፤ በየክትትሉ መመዘን የሚያስፈልገውም 52 ኪሎ ሆኖ የጀመረ ሰው ወደ 57 ሲደርስ የኪኒኑ ቁጥር መስተካከል ስላለበት ነው። የዕለቱ ኪኒን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ ተብሎ አይከፋፈልም።

ሁለተኛው ወር አልቆ ወደ ሁለት መድኃኒቱ ኪኒን በሚታለፍበት ጊዜ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለቱ ኪኒኖች በመልክ ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ በቀለም መለየት አያስተማምንም። እሽጉን አገላብጦ አራት ስም ወይስ ሁለት ስም እንደ ተጻፈበት መመልከት፣ ማንበብ ለማይችል ታማሚም የቤተሰብ አባል እንዲያነብለት ማድረግ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ምዕራፍ የተረፈ ኪኒን ካለ ቤት ውስጥ ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ መቀመጥ የለበትም፤ ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሳል። ታካሚው እሽጉንና ካርዱን ይዞ የቲቢ ክፍሉን ባለሙያ «አሁን የትኛውን ልውሰድ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ሁሉም ቢጠይቅ እመርጣለሁ።

ኪኒኑ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ይበልጥ ወደ ደም ይገባል፤ ይኸውም ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ ማለት ነው። ለብዙ ሠራተኛ የሚቀልለው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ በአንድ ብርጭቆ ውሃ መዋጥና ቁርሱን 1 ሰዓት ላይ መብላት ነው። የሚያቅለሸልሽ ከሆነ ኪኒኑን ከመተው ይልቅ በጥቂት ምግብ መውሰድ ወይም ወደ መኝታ ሰዓት ማዛወር ይሻላል፤ በምግብ ምክንያት ትንሽ ከሚቀንሰው መጠን ይልቅ ጨርሶ ያልተዋጠው ኪኒን እጅግ የከፋ ነው። ለጨጓራ የሚወሰዱ የአሲድ ማብረጃዎች የአይሶናያዚድን ወደ ደም መግባት ስለሚቀንሱ ከቲቢ ኪኒኑ ጋር በአንድ ሰዓት መዋጥ የለባቸውም።

ጾም በዚህ ከተማ ለሁለቱም ትላልቅ እምነቶች ተከታዮች የሚነሣ ጥያቄ ነው። ሁለቱም ለሕመምተኛ ከጾም ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ይሁን እንጂ ጾሙን ለማለፍ ልቡ የማይፈቅድ ሰው ኪኒኑን ከሚያቋርጥ ሰዓቱን ቢለውጥ ይሻላል። በዓቢይ ጾም እስከ ቀትር በኋላ የሚቆይ ሰው ከእራቱ 2 ሰዓት ቆይቶ ከመተኛቱ በፊት፣ በረመዳን የሚጾምም ከአፍጥር በኋላ በተመሳሳይ ሁኔታ ወይም ከሱሑር አንድ ሰዓት ቀድሞ ሊወስድ ይችላል። ዋናው ነገር የሰዓት ለውጡ በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑና ለባለሙያው መነገሩ ነው። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም ቢሆን ኪኒኑን በጸበሉ ቦታ እያለ ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት፤ ለሁለት ሳምንት ወደ ጸበል የሚሄድ ሰው ለዚያ የሚበቃውን መድኃኒት ከጤና ጣቢያው ይዞ ይሄዳል።

ቀን ሲዘለል

አንድ ቀን ከተረሳ ዕለቱ ሳያልፍ እንዳስታወሱ መውሰድ ይገባል። ቀኑ ካለፈ በማግስቱ የተለመደውን ቁጥር ብቻ ይውሰዱ፤ ያለፈውን ለማካካስ እጥፍ መዋጥ ጉበትን ከመጉዳት በቀር ያለፈውን ቀን አይመልስም። የተዘለለው ቀን ለባለሙያው ይነገራል፣ በካርዱም ላይ ይመዘገባል፤ የጎደሉት ቀናት በስተመጨረሻ ተጨምረው መሞላት ስላለባቸው መደበቁ የሚጎዳው ታካሚውን ራሱን ነው። ሁለት ተከታታይ ወራት ያቋረጠ ሰው ከክትትል እንደ ጠፋ ተቆጥሮ ሲመለስ እንደ ገና ይመረመራል።

ከሁሉ የሚከፋው እየተዉ እየቀጠሉ መውሰድ ነው። ሪፋምፒሲን ተቋርጦ ሲጀመር፣ እንደ ገና ተቋርጦ ሲጀመር፣ ሰውነት በትኩሳትና በብርድ ብርድ ማለት ሊቆጣ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ደምን ወይም ኩላሊትን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ባክቴሪያውም በእነዚያ ክፍተቶች መድኃኒት ይላመዳል። ታካሚው ሳሉ ቆሞ፣ የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ፣ ላቡ ቀርቶ «ዳንኩ» የሚልበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከጀመረ በሳምንታት ውስጥ ይመጣል፤ አድብተው የሚቀሩት ባክቴሪያዎች ግን ምልክት አይሰጡም። የሕክምና ደጋፊ የሚባለው ሰው የሚመረጠው ለዚሁ ነው። ደጋፊው እናት፣ ባለቤት፣ የሥራ ባልደረባ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ኪኒኑ ሲዋጥ በዓይኑ ያያል፣ ካርዱም ላይ ያሠምራል። በኢትዮጵያ ይህ በቀጥታ ክትትል የሚሰጥ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1992 በሙከራ የተጀመረው ለአዳማ ጎረቤት በሆነችው በአርሲና በባሌ ነበር።

አዳማ የመንገድ ከተማ መሆኗ ለዚህ ሕክምና የራሱን ችግር ይፈጥራል። ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ከረዳቱ ጋር በየመንገዱ የሚያድር፣ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ ሥራ ለአንድ ወቅት የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ትምህርቱ ሲዘጋ ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ ተማሪ፣ ሁሉም ስድስት ወር ሙሉ በአንድ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ሊገኙ አይችሉም። እንዲህ ያለ ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን ሥራውን ሳይደብቅ መናገር አለበት። ለአጭር ጉዞ የሚበቃ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ለረጅም ጊዜ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የዝውውር ወረቀት ተጽፎለት በሚሄድበት ቦታ ያለው ጤና ጣቢያ ሕክምናውን ካቆመበት ይቀጥላል። ወረቀቱ ሳይያዝ የተሄደ እንደ ሆነ የሚቀበለው ባለሙያ ታካሚው ስንተኛው ወር ላይ እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ ስለማይኖረው ካርዱን በስልክ ፎቶ አንሥቶ መያዝ ጥሩ ልማድ ነው። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ስለሚሰጥ በየመንገዱ ካለ መድኃኒት ቤት ጥቂት ፍሬ ገዝቶ ክፍተቱን ለመሙላት መሞከር አስፈላጊም አይደለም፣ አስተማማኝም አይደለም።

አቀማመጡ

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ላለች ሞቃት ከተማ ይህ ክፍል ተገቢ ትኩረት አልተሰጠውም ብዬ አምናለሁ። ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ በአንድ ኪኒን ውስጥ ሲኖሩ እርጥበትና ሙቀት ካገኛቸው እርስ በርስ እየተነካኩ ይበላሻሉ፤ ኪኒኑ በእሽግ የሚመጣውም ከዚህ ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ «ለመቁጠር እንዲመቸኝ» ብሎ የሳምንቱን ኪኒን ሁሉ ፈልቅቆ በብልቃጥ ወይም በላስቲክ ማስቀመጥ ስሕተት ነው፤ ፍሬው ከእሽጉ የሚወጣው በሚዋጥበት ሰዓት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያው ቀን በሚግልበት ቤት መደርደሪያው ላይኛው ክፍል ላይ፣ ከከሰል ምድጃ አጠገብ፣ በመስኮት ደፍ ላይ፣ በመኪና ዳሽቦርድ ላይ ወይም ልብስ በሚታጠብበት እርጥብ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ከፀሐይ በራቀ ግድግዳ በኩል ባለ ቁም ሳጥን፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ፣ በራሱ ካርቶን ውስጥ መሆን ይገባዋል። ሾፌር ከሆኑ ከራስዎ ጋር በሚወርድ ቦርሳ ይያዙት፤ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት። እሽጉ የተቀደደ፣ ኪኒኑ የተሰነጠቀ፣ የተጣበቀ ወይም መልኩ የተለወጠ ከሆነ ሳይዋጥ ተመልሶ ይቀየራል። የአዋቂውን ኪኒን ባለሙያ ሳያዝ መፍጨትም ሆነ መስበር አይገባም።

የሚያሰጋውና የማያሰጋው

ኪኒኑ በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን ሽንት ወደ ብርቱካናማ ቀይ ይለወጣል፤ ላብና እንባም ይቀላሉ። ይህ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው፤ ደም አይደለም፣ ጉዳትም የለውም። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን ደንግጦ መድኃኒቱን ሊያቆም ይችላልና ባለሙያው ይህን ሳይናገር ታካሚ ማሰናበት የለበትም። ቀለል ያለ ማቅለሽለሽ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም (ብዙ ጊዜ ከፓይራዚናማይድ የሚመጣ)፣ ትንሽ ማሳከክ ሲኖር ኪኒኑ ሳይቋረጥ ለባለሙያው ይነገራል። የእግር መዳፍ መደንዘዝና ማቃጠል ከአይሶናያዚድ የሚመጣ ነው፤ ቫይታሚን ቢ6 ይከላከለዋል፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ ለስኳር ሕመምተኛ፣ ኤች አይ ቪ በደሙ ለሚገኝበት፣ አልኮል ለሚያዘወትርና ሰውነቱ ለተጎዳ ሰው ከመጀመሪያው መሰጠት ያለበት ነው።

ከሚከተሉት አንዱ ሲታይ ግን የዕለቱን ኪኒን ሳይውጡ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። የዓይን ነጭ ክፍል ቢጫ መሆን፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ ከቀኝ የጎን አጥንት ሥር ሕመም፣ ከተለመደው ቅላት አልፎ እንደ ጠቆረ ሻይ የሆነ ሽንት የጉበት መጎዳት ምልክቶች ናቸው፤ ከአራቱ መድኃኒቶች ሦስቱ ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉና። መላ ሰውነት ላይ የወጣ ሽፍታ ከአፍ መቁሰል ወይም ከቆዳ መላላጥ ጋር ሲሆን እንዲሁ ነው። የዓይን ብዥታ ወይም ቀይና አረንጓዴን መለየት አለመቻል የኢታምቡቶል ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ በጊዜ ከተቋረጠ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፣ ከቆየ ግን ላይመለስ ይችላል። በየሳምንቱ አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኖ በሌላው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ማንበብ፣ ከዚያም ማቀያየር ቀላል መፈተኛ ነው፤ የትራፊክ መብራት መልኩ የፈዘዘበት ሾፌርም መንዳቱን ትቶ በቀጥታ መታየት አለበት። ጉዳት ያመጣው የትኛው መድኃኒት እንደ ሆነ የሚለየው በጤና ተቋም ነው፤ አስፈላጊ ከሆነ ጥምሩ ቀርቶ መድኃኒቶቹ በተናጠል አንድ በአንድ ይሰጣሉ። ይህን ቤት ውስጥ በግምት መሞከር አይቻልም።

ስለ አልኮል አጭር ነገር፦ ስድስቱን ወር መተው ይሻላል። ጠላና ጠጅም አልኮል ናቸው። የጉበት መድኃኒት ናቸው እየተባሉ የሚሸጡ ባህላዊ ቅጠላ ቅጠሎችም በዚህ ጊዜ መወሰድ የለባቸውም፤ ጉበት ሲጎዳ ምክንያቱ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ አያስችሉምና።

ሌሎች መድኃኒቶች

ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ ጉልበታቸውን ይቀንሳል። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴት በዚህ ምክንያት ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች፤ በክንድ ሥር የሚቀበረውም ቢሆን ብርታቱ ሊቀንስ ይችላል። በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌና በማሕፀን የሚቀመጠው መከላከያ ግን ብቁነታቸው እንዳለ ነው። ኤች አይ ቪ በደሙ የሚገኝበትና ዶሉቴግራቪር የያዘ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊ ግራሙ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲሆንለት ይደረጋል፤ ስለዚህ የቲቢ ክፍሉና የኤች አይ ቪ ክፍሉ አንዱ የሌላውን ማወቃቸውን ታካሚው ራሱ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ለስኳር ግሊቤንክላማይድ፣ ለደም መርጋት ዋርፋሪን የሚወስዱም መጠናቸው ሊለወጥ ስለሚችል ምርመራቸው ይደጋገማል። አይሶናያዚድ በበኩሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ፌኒቶይንን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዞ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ስም ከመሸምደድ ይቀልላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አራቱን መድኃኒት መውሰድ ትችላለች፤ ጡት ማጥባቱም አይቋረጥም።

ለልጆች የተዘጋጀው ጥምር ኪኒን የተለየ ነው፤ በውሃ ይሟሟል፣ ጣዕምም አለው። ሪፋምፒሲን 75፣ አይሶናያዚድ 50 እና ፓይራዚናማይድ 150 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ኢታምቡቶል ሲያስፈልግ ለብቻው ይጨመራል። ከ4 እስከ 7 ኪሎ ለሚመዝን 1 ፍሬ፣ ከ8 እስከ 11 ለሚመዝን 2፣ ከ12 እስከ 15 ለሚመዝን 3፣ ከ16 እስከ 24 ለሚመዝን 4 ፍሬ ነው፤ 25 ኪሎ የሞላው በአዋቂው ኪኒን ይታከማል። ኪኒኑ በ50 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ከተሟሟ በ10 ደቂቃ ውስጥ መጠጣት አለበት፤ ከዚያ የቆየው ይደፋል። ከብርጭቆው ሥር የቀረውን በጥቂት ውሃ አንቀሳቅሶ ማጠጣት መዘንጋት የለበትም። የአዋቂውን ኪኒን በግማሽ ከፍሎ ለልጅ መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ የመድኃኒቶቹ ምጣኔ ለልጅ አልተሠራምና። በቤቱ ከ5 ዓመት በታች ልጅ ካለ ባያመውም ይምጣና ይታይ፤ መከላከያ መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል። የታማሚው መድኃኒት ግን ለማንም የቤት ሰው አይካፈልም።

አክታ በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው ወር ይመረመራል። በ2ኛው ወር ባክቴሪያ ከታየ ወይም ሕመሙ ካልተሻለ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን ተላምዶ እንደ ሆነ በጂን ኤክስፐርት ማሽን ይታያል፤ ከተላመደ በሌሎች መድኃኒቶች የሚሰጥ ራሱን የቻለ ሕክምና አለ፣ ይህኛው ጥምር ኪኒን ግን አይበቃም። አክታ ማውጣት ያስቸገረው ሰው «የለኝም» ብሎ ቀጠሮውን አይቅር፤ ጠዋት አፉን ተጉመጥምጦ፣ በረጅሙ ተንፍሶ፣ ከደረቱ ስሎ ያወጣው ጥቂትም ቢሆን ይመረመራል። ሕክምናው ሲያልቅ ካርዱ እንዳይጠፋ ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያው ይዞት የሚመጣው ያንኑ ነው።